ባትሪውን የጨረሰው የቁጠባ ስብከት

አቶ ኤርሳዶ ጩማን «አንቱ» የምላቸው ስለ ሽበታቸው ብቻ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ፣ አንዲት ትንሽ የአምቡላንስ ማኅበር አለች፤ እሳቸው የሬዲዮ ክፍሏ ኃላፊ ናቸው። እኔ ከጎናቸው ባለው ክፍል ተቀምጬ የማኅበሯን ዜናና ፖስተር እጽፋለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው። ስለዚህ የሕይወት ታሪካቸውን አንድም ቀን ሳልጠይቅ ከነዝርዝሩ አውቀዋለሁ።

ታሪኩ ከማይክ ወደ ማይክ የተደረገ ጉዞ ነው። ቦዲቲ አጠገብ ተማሪ ሳሉ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ይመሩ ነበር። «ነገ ትምህርት የለም» የሚለውን ማስታወቂያ እንኳ እንዲሁ አይለቁትም። መጀመሪያ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ቀጥሎ ስለ ዕረፍት ጥቅም፣ ከዚያም ስለ ማስታወቂያ ጥቅም ይናገራሉ፤ ዋናው ነገር የሚመጣው ተማሪው ፀሐይ ላይ ከተቃጠለ በኋላ ነው። አድገው የሥነ ዜጋ መምህር ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሠርግ መድረክ መምራት ጀመሩ። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ኬካቸውን ቆርሰው፣ ተመርቀው፣ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ከሄዱ በኋላ አቶ ኤርሳዶ ገና «አሁን ወደ ዋናው መርሐ ግብራችን እንገባለን» ሲሉ፣ አዳራሹ ውስጥ የቀረው ወንበር የሚሰበስበው ሰው ብቻ ነበር ይባላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ክብረት አንድ ቀን ቢሮ መጥተው ሲጠብቋቸው እንዲህ አሉኝ፦

«እኔ ያገባሁት ድምፅ ነው ልጄ። ሰውየው ከኋላ ነው የመጣው።»

ይህን ያህል ለመናገር አንድ ሰው ምን ያህል ነገር ማወቅ አለበት እያልኩ መጀመሪያ እገረም ነበር። ምንም ማወቅ እንደማያስፈልግ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ማኅበሯ ሁለት አምቡላንሶች አሏት። አንዱን ሶርሳ በቦምቤ በኩል ይነዳል፤ ሌላውን ኤልሳዕ በሃላሌ በኩል። ከሃላሌ ወደ ኦሞ የሚወርደውን ሸለቆ ስልክ አያውቀውም። በቦምቤ በኩልም ካለው ገጠር ስልክ የሚይዝለት ኮረብታ ላይ የወጣ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ መኪኖቹ፣ ቢሮውና በየገጠሩ ያሉ ጥቂት ጤና ኬላዎች የሚነጋገሩት በሬዲዮ መገናኛ ነው። የሁሉም ድምፅ የሚያልፈው ዳሞታ ተራራ ትከሻ ላይ በተቀመጠ አንድ ሣጥን በኩል ነው። ሪፒተር ይሉታል። ከሩቅ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ይቀበልና አበርትቶ ለሁሉም ይመልሰዋል። እዚያ ላይ የመብራት መስመር የለም፤ ሣጥኑ የሚኖረው በሶላርና በባትሪ ነው።

አንድ ቀን የሬዲዮ ቴክኒሻኗ ፀዳለ ልታየው ስትወጣ ተከትያት ሄድኩ። ጉሙ ከእግራችን ሥር እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ተዘርግቶ ነበር። ከተማዋ የለችም፤ የባጃጆች ጥሩምባ ብቻ ከጥጡ ውስጥ ብቅ ይላል። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜ ሳለሁ ፀዳለ የሣጥኑን በር ከፍታ ጠራችኝ።

«ጉሙን ተወውና ወደዚህ ና። ይህ ሣጥን ሲያዳምጥ ምን ያህል የሚበላ ይመስልሃል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እየው።» መለኪያዋን አሳየችኝ፤ ቁጥሩ ከምንም አይቆጠርም። ከዚያ ወገቧ ላይ የነበረውን የእጅ ሬዲዮ አውጥታ ቁልፉን ተጫነች። ቁጥሩ ተርብ እንደ ነደፈው በቅሎ ዘለለ። «ሲያዳምጥ በማንኪያ ነው የሚጠጣው፤ ሲናገር በጀሪካን።»

ጉሙ ሲገለጥ ከታች ብቅ ያሉትን ትላልቅ የስልክ ማማዎች በአገጯ አመለከተችኝ። «እነዚያ ደግሞ ሰው ባይናገርባቸውም ይበላሉ። የዓለም መሐንዲሶች እንዴት አድርገን እናስተኛቸው እያሉ ራሳቸውን ያዞራሉ፤ ተናጋሪው ሲቀንስ ግማሽ አካላቸውን የሚያስተኛ ዘዴ ሁሉ አምጥተዋል። የእኛ ትንሿ ግን ስትሠራም መተኛት ታውቃለች። የሚያስተኛት ሰው ነው ያጣችው።»

ማዳመጥ ርካሽ፣ መናገር ውድ! ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ዝምታ ስንት ግጥም ጻፍኩ፤ ዝምታ በመለኪያ እንደሚታይ ግን የነገረኝ አልነበረም። ተደንቄ ወረድኩ። ቢሮ ስንደርስ አቶ ኤርሳዶ እየተናገሩ ነበር።

ሐዋሳ ሄደው ስለ ኃይል ቁጠባ ሥልጠና ወስደው ከተመለሱ ወዲህ «የማለዳ የኃይል ቁጠባ ትምህርት» የሚሉት ነገር ጀምረዋል። በየማለዳው ሾፌሮቹና የጤና ኬላ ሠራተኞቹ ሬዲዮ ከፍተው ይጠብቃሉ። እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ማይኩን አፋቸው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በጸሎት ይከፍታሉ። ከዚያ አምፖል ስለ ማጥፋት፣ ድስት ስለ መክደን፣ ፍሪጅ ከፍቶ ስለ ማሰብ ክፉ ልማድ ያስተምራሉ። አንዳንድ ቀን ወደ ትውልድ ይሻገራሉ፤ የቀድሞው ትውልድ በኩራዝ ተምሮ እንዴት ትልቅ እንደሆነ፣ የአሁኑ በመብራት ተምሮ እንዴት ትንሽ እንደሆነ ይተነትናሉ። ይህን ሁሉ ሲሉ ጣታቸው ቁልፉ ላይ ነው። ዳሞታ ላይ ያለው ሣጥን እያንዳንዷን ቃል፣ እያንዳንዷን «እንግዲህ»ን፣ እያንዳንዷን ጉሮሮ መጥረግ አበርትቶ በየሸለቆው ይረጨዋል። በጀሪካን።

በበጋ ይህ ተራ ጅልነት ነበር፤ ፀሐይዋ ትሸፍነው ነበር። ክረምት ሲገባ ዳሞታ ደመናውን ተከናነበ፤ ሶላሩም የሚለቅመው ብርሃን አጣ። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሪፒተሩ ዝም አለ።

በዚያው ሰዓት ከቦምቤ ወዲያ አንድ አባወራ የዛፍ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ ዳር አደረሱት። የጤና ኬላው ሠራተኛ በሬዲዮ ጠራ፤ ደግሞ ጠራ። ሶርሳ አንድ ኩርባ ብቻ ዝቅ ብሎ መኪናውን አቁሞ የተጠበሰ በቆሎ ይፈለፍል ነበር። የሰማው ነገር የለም። ሰውየው ዝናብ ላይ ተጋድሞ ሲያቃስት ቆይቶ፣ በመጨረሻ አንድ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሶርሳን መንገድ ላይ አግኝቶ ነገረው። ሰውየው ተርፏል። ግን ዛሬም ያነክሳል።

በማግስቱ ግምገማ ተጠራ። የማኅበሯ ሊቀ መንበር አቶ ኃይለመስቀል፣ ማንንም ማስቀየም የማይወዱ ደግ ሰው፣ ጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጡ።

«ባትሪውን ማን ጨረሰው?» አሉ።

አቶ ኤርሳዶ ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡ። «ጥፋተኛው ይታወቃል ሊቀ መንበር። ሰላምታ ነው!»

«ሰላምታ?»

«አዎን! እነዚህ ልጆች በሬዲዮ ሰላም ይባባላሉ። ሶርሳ ‹ሳሮ?› ይላል። ኤልሳዕ ‹ሳሮ› ይላል። ከዚያ ቤትህስ፣ እናትህስ፣ ላሟስ፣ እንሰቱስ! እንሰት በማኅበሩ ባትሪ ሲጠየቅ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

ነገሩ እውነት ነው። እዚህ አገር ሰው ጉዳዩን ከማንሣቱ በፊት «ሳሮ?» ሳይል አይጀምርም፤ ሰላም መሆንህን ሳይጠይቅ «ቁስለኛ አለ፣ ና» የሚል ሰው በር ሳያንኳኳ ዘው ብሎ እንደ ገባ ይቆጠራል።

ሶርሳ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ እንሰቱ ደህና ነው ካለ እኮ ወሬው ያልቃል። ቶሎ ነው የሚያልቀው።»

«የእርስዎ ትምህርት ሲጀመር ግን፣» አለ ኤልሳዕ ቀበል አድርጎ፣ «እኔ መኪና አጥቤ፣ ጎማ አስነፍቼ፣ ቁርስ በልቼ ስመለስ ገና መግቢያው ላይ ነዎት።»

ቤቱ ሳቀ። አቶ ኤርሳዶ አልሳቁም። «ትምህርትና ወሬ አንድ ነው? በትምህርት ትቀልዳለህ?»

አቶ ኃይለመስቀል ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፦ በሬዲዮ ሰላምታ ተከለከለ። ትምህርቱ ግን የችግሩ ክብደት ታይቶ ረዘም እንዲል ተፈቀደ። እጄን አገጬ ላይ አድርጌ የሰው ፊት ስቃኝ፣ አንድም ሰው በዚህ ውሳኔ ላይ የሚያስቅ ነገር እንዳለ አላስተዋለም፤ ፀዳለ ብቻ ጣሪያውን ታይ ነበር።

ከዚያ ያየሁት ነገር እስካሁን ይደንቀኛል። ሰላምታ የተከለከሉት ሾፌሮች ቁልፉን ብቻ ጠቅ ማድረግ ጀመሩ። አንድ ጠቅታ «ሳሮ?» ነው። ሁለት ጠቅታ «ሳሮ» ነው። ቃል ከአፉ የተነጠቀ ሰው በጣቱ ደህንነት ይጠይቃል! አቶ ኤርሳዶ ጠቅታውን ሰምተው «መስመሩ ላይ ብልሽት አለ» ብለው ለፀዳለ አመለከቱ።

«ብልሽት አይደለም ጋሼ፣» አለቻቸው። «ዳሞታ ጉንፋን ይዞት ነው።»

እሳቸውም በማግስቱ ስለ ጉንፋንና ስለ ኃይል ብክነት አስተማሩ።

በዚያ ሰሞን የሶርሳ ፊት ጠቆረ። ባለቤቱ እታፈራሁ ለመውለድ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። የእናቷ ቤት ከሃላሌ በታች፣ ስልክ የማያውቀው ሸለቆ ውስጥ ነው። ያለፈውን ፅንስ ያጣችው ደም ፈስሷት ነበር። «ሶዶ ሆነሽ ጠብቂ» ቢላት «እናቴን ትቼ የት?» አለችው። ከቤቱ በላይ ባለው ጤና ኬላ አገርነሽ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፤ ቀልጣፋ ሴት ናት፤ ሬዲዮም አላት። ክፉ ቀን ቢመጣ እታፈራሁን ከሸለቆው የሚያወጣት የአገርነሽ ድምፅና የኤልሳዕ መኪና ነው። በሁለቱ መካከል ግን ያ ሣጥን አለ።

ሶርሳ ወደ ፀዳለ መጣ። እሷ ሽቦ ስትልጥ ከአጠገቧ ቆመ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቅ።»

«ምጡ ከሰዓት በኋላ ቢመጣ፣ ያቺ ሣጥን ደግሞ ብትሞት፣ አገርነሽን ማን ይሰማል?»

«ማንም አይሰማም።»

ሶርሳ «እየጸለይኩ ነው» አላት።

«ጸልይ። እኔ ደግሞ ጋሼን ላናግራቸው።»

ገባች። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ባትሪውን የሚጨርሰው የጠዋቱ ትምህርት ነው።»

«ልጄ፣ ስለ ምን እንደማስተምር ታውቂያለሽ?»

«ስለ ቁጠባ።»

«እንግዲህ! ስለ ቁጠባ የሚነገር ነገር እንዴት አድርጎ ኃይል ይበላል?»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ብዙ አላዋቂ አይቻለሁ፤ እኔም በብዙ ነገር አላዋቂ ነኝ። እንዲህ ያለ ሙሉ፣ እንደ እንቁላል አንድም ስንጥቅ የሌለው አላዋቂነት ግን በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም።

«ሣጥኑ እኮ ርእሱን አይሰማም ጋሼ። ስለ ቁጠባም ይሁን ስለ ሠርግ፣ ቁልፉ ከተጫነ ይበላል።»

«አንቺ ሽቦ ታውቂያለሽ። እኔ ሰው አውቃለሁ። እኔ ዝም ካልኩ ይህን ሁሉ ሰው ማን ያነቃዋል?»

«ቢተኛ አይሻልም?»

«ምን አልሽ?»

«ሣጥኑን ነው ጋሼ።»

ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ሄደች። አቶ ኃይለመስቀል ሰሟት፤ ሁሉም ነገር ገባቸው፤ ተነፈሱ። «ሽማግሌ ናቸው። ሰው ፊት አታዋርጂያቸው። በዘዴ አድርጊው» አሏት። ፀዳለ «በዘዴ» የምትለዋን ቃል ብቻ ይዛ ወጣች።

እያንዳንዱ ሬዲዮ የንግግር ገደብ የሚባል ነገር አለው። ሰው ቁልፉን ተጭኖ ቢረሳ መስመሩ እንዳይታፈን፣ ገደቡ ሲደርስ ሬዲዮው ራሱ መላኩን አቁሞ ወደ ማዳመጥ ይመለሳል። ቁልፉ ቢለቀቅና እንደገና ቢጫን ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። ፀዳለ የአቶ ኤርሳዶን ሬዲዮ በግማሽ ደቂቃ ገደበችው። ገደቡ ሲደርስ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያም ዘጋችው። እርግጥ ሬዲዮው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ትጠፋለች። ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ግን መብራት ምን ያደርግለታል?

«የሬዲዮው አሠራር የእኔ ኃላፊነት ነው» አለችኝ፣ መፍቻዋን ኪሷ እየከተተች። «ዘዴ አሉኝ፣ ዘዴ አደረግኩ።»

በማግስቱ ማለዳ አቶ ኤርሳዶ ጸሎታቸውን አድርሰው «የዛሬው ትምህርታችን...» ሲሉ ቀይዋ መብራት ድርግም አለች። እሳቸው ቀጠሉ። እጃቸውን አወራጩ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሹክሹክታ ተናገሩ፤ ከፍ አድርገው ነጎዱ። ኮምፔንሳቶው ተንቀጠቀጠ። ከእኔና ከኮምፔንሳቶው በቀር የሰማቸው ፍጡር አልነበረም። ዳሞታ ላይ ሣጥኑ ተኝቷል።

ሲጨርሱ ቁልፉን ለቀው ጠበቁ። ዝም። ሾፌሮቹ ትምህርቱ ማለቁን ከየት ይወቁ? እንደገና ተጫኑና «ተሰማ ወይ?» አሉ። ይህችኛዋ ጥርት ብላ ደረሰች።

«ተሰማ ጋሼ!» አለ ኤልሳዕ።

«እንዴት ነበር?»

«ልብ ይነካል! በተለይ መጨረሻው።»

አቶ ኤርሳዶ ወደ እኔ ክፍል መጡ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «አየህ፣ መጀመሪያ ዝም አሉ። ንግግሬ ልባቸው ውስጥ ገብቶ ነው። ዝምታ የታላቅ ንግግር ጥላ ናት። ይህችን ፖስተር ላይ አውጣት።»

አላወጣኋትም።

ባትሪው በየቀኑ እየበረታ ሄደ። ደመናው እንዳለ ነው፤ ግን ሣጥኑ ከሰዓት በኋላም፣ ሲመሽም ንቁ ሆኖ ይገኝ ጀመር። አቶ ኤርሳዶ ይህን ለሊቀ መንበሩ ሲያቀርቡ የትምህርታቸው ፍሬ ነው አሉ። በአንድ ነገር ልክ ነበሩ፤ ፍሬው የመጣው ከትምህርቱ ነው፤ ከመጥፋቱ። ወሬው ማኅበሯን ወደሚረዳ አንድ ድርጅት ደረሰና እንግዶች ከአዲስ አበባ ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረ። አቶ ኤርሳዶ አዲስ ክራባት ገዙ።

እንግዶቹ የመጡት ከወላይታ አዲስ ዓመት ከጊፋታ በፊት ባለው ሳምንት ነው። ከተማው በበዓል ገበያ ተጨናንቋል፤ ሰው በሬ ይጎትታል፤ ቅቤ የያዙ ሴቶች ባጃጅ ይጣራሉ። የሬዲዮ ክፍሏ ውስጥ አቶ ኃይለመስቀል፣ ፀዳለ፣ እኔ፣ ሁለት እንግዶች ተጨናንቀን ቆምን። አንደኛዋ እንግዳ ሚስጥር የምትባል መሐንዲስ ናት።

«አሁን የምትሰሙት፣» አሉ አቶ ኤርሳዶ፣ «ይህን መረብ ያዳነው ትምህርት ነው።» ቁልፉን ተጫኑ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጸለዩ። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ቀጠሉ። «ቁጠባ ምንድን ነው? ቁጠባ ማለት ራስን መግዛት ነው። ራሱን ያልገዛ ሰው...»

«ሶዶ! ሶዶ! አገርነሽ ነኝ!»

ድምፁ ከሬዲዮው ወጣ። አቶ ኤርሳዶ ዓይናቸውን ገለጡ። ጣታቸው አሁንም ቁልፉ ላይ ነው።

«እታፈራሁ ምጥ ላይ ናት። ደም እየፈሰሳት ነው። በቃሬዛ ወደ መንገዱ እያወጣናት ነው። መኪና! መኪና ላኩ!»

«ማነሽ አንቺ?» ጮኹ አቶ ኤርሳዶ ማይኩ ላይ። «ትምህርት ላይ ነኝ! እንግዳ አለ! ሥርዓት የለም?»

አገርነሽ ይህን አልሰማችም። ከክፍሏ ውጭ ማንም አልሰማም። የሰማው ከሃላሌ በላይ መንገድ ላይ የነበረው ኤልሳዕ ነው፤ የሰማውም እሷን ነው።

«አገርነሽ፣ ኤልሳዕ ነኝ። ዞሬያለሁ። ድልድዩ ጋ አውጧት።»

«ኤልሳዕ! ወንድሜ!» ይህ የሶርሳ ድምፅ ነው፤ ከቦምቤ መንገድ። መኪናው ውስጥ ሌላ ሕመምተኛ ጭኖ ወደ ሶዶ እየመጣ ነበር። «ኤልሳዕ፣ እባክህ...»

«ሰምቻለሁ። ዝም በል። እየነዳሁ ነው።»

አቶ ኤርሳዶ ቁልፉን የበለጠ ጨመቁት፤ የጣታቸው ጫፍ ነጣ። «ዝም በሉ ሁላችሁም! እዚህ የምናገረው እኔ ነኝ!»

ሚስጥር ሬዲዮውን፣ ከዚያ ጣታቸውን አየች። «ይቅርታ፣ እርስዎ ቁልፉን ተጭነው የእነሱ ድምፅ እንዴት ሊሰማን ይችላል?»

«የእሳቸው ድምፅ ስለማይወጣ ነው» አለች ፀዳለ። «ሬዲዮው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ያቆማል። እኔ ነኝ የገደብኩት። የጠዋቱ ትምህርት ከጸሎቱ አልፎ ከዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ባትሪው የዳነው በዚህ ነው።»

ከሬዲዮው የሞተር ጩኸትና የአገርነሽ ትንፋሽ ይመጣል፤ «እያወጣናት ነው፣ እያወጣናት ነው»። ሁላችንም ወደ ድምፁ ጎንበስ ብለናል። አንድ ሰው ብቻ ጎንበስ አላለም። አቶ ኤርሳዶ ፀዳለን እያዩ ጠየቁ፦

«ከመቼ ጀምሮ?»

አንዲት ሴት ከሸለቆ በቃሬዛ እየወጣች፣ ባሏ መኪና ውስጥ የሰው ሕመምተኛ ጭኖ እየተቃጠለ፣ ይህ ሰው የሚጠይቀው የእሱ ንግግር ሳይሰማ የቀረው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነው! እስከዚያች ቅጽበት በልቤ ጥግ ጥቂት ርኅራኄ ትቼላቸው ነበር፤ እዚያው ወጥታ ሄደች።

«ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ጋሼ» አለች ፀዳለ፣ ዓይኗን ከሬዲዮው ሳታነሣ።

«ስለ ፍሪጅ ያስተማርኩት?»

«አልተሰማም።»

«ስለ ትውልድ?»

«እሱም።»

«ስለ ትውልድ እንኳ!» አሉና ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

«ገብታለች» አለ የኤልሳዕ ድምፅ። «መኪና ውስጥ ገብታለች። ሆስፒታል ደም አዘጋጁ።» አቶ ኃይለመስቀል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ነው፤ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ደቅነው በሩን ገፍተው ወጡ።

እታፈራሁ ሶዶ በሕይወት ደረሰች። ማምሻውን ሴት ልጅ ተገላገለች። ሶርሳ ሕመምተኛውን አስረክቦ እየሮጠ መጣ፤ ከሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ ኤልሳዕን አገኘው። የዚያን ጊዜ ሁለቱ ሰላም ሲባባሉ ብታዩ! ቤቱን ጠየቀው፤ እናቱን፣ ላሟን፣ እንሰቱን አንድ በአንድ ጠየቀው፤ እየጠየቀ ያለቅሳል፤ ኤልሳዕም ላሟ ደህና ናት እያለ ያለቅሳል። እኔ አጥር ተደግፌ ሰማሁ። ሰው ለሰው የሚያወጣው ቃል እንዲህ ሲሆን፣ የፈለገውን ያህል ባትሪ ይብላ።

በማግስቱ አቶ ኤርሳዶ ለሊቀ መንበሩ አቤት አሉ። ገደቡ ይነሣ፤ ፀዳለ በመላው መረብ ፊት በሬዲዮ ይቅርታ ትጠይቅ፤ ያልተሰሙት ትምህርቶች በሙሉ ከመጀመሪያው ይደገሙ።

አቶ ኃይለመስቀል መነጽራቸውን አወለቁ። ደግ ሰው ሲጨክን ማየት ያስደንቃል። «ገደቡ ይቆያል» አሉ። «ለሁሉም ሬዲዮ ይሆናል። ሰላምታው ተፈቅዷል፤ በግማሽ ደቂቃ ሰው ሰላም ይባባላል፣ ላሙንም ይጠይቃል። እርስዎም ማስተማር ከፈለጉ በግማሽ ደቂቃ ያስተምሩ።»

«ግማሽ ደቂቃ ለእኔ ስድብ ነው።»

«እንግዲያው ማይኩን ለሌላ ሰው ይስጡ።»

ሰጡ። ሌላ ሰው ቢሆን አሳጥሮ መናገርን ይመርጥ ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ ትንሽ ጊዜ አይደለችም፤ አገርነሽ በዚያች ውስጥ ሰው አድናለች። አቶ ኤርሳዶ ግን የሚሉት ነገር እንደሌላቸው ያወቁት ምናልባት ያን ጊዜ ነው፤ ርዝመቱ ሲወሰድ የሚቀር ነገር አልነበረም። አሁን የሥልጠና አዳራሽ ኃላፊ ተብለዋል፤ ወንበር ያስደረድራሉ። የሬዲዮ ክፍሉን አገርነሽ ትይዝ ዘንድ ተጠይቃ እሺ ብላለች።

አንዳንድ ሰዎች «ያሳዝናሉ» ይላሉ። እኔን አላሳዘኑኝም። ባለፈው ሳምንት በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ አየኋቸው። አንዲት ባጃጅ ላይ ተደግፈው፣ ሾፌሩ እንዳይሄድ አንድ እጃቸውን መሪዋ ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ነዳጅ ቁጠባ ያስረዳሉ። ሾፌሩ «እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ» ይላል። ከኋላ የተቀመጠችው ተሳፋሪ ሰዓቷን ታያለች። ሞተሩ እንደ ተነሣ ነው፤ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ እየወጣ ከእግራቸው ሥር ይጠመዘዛል።